ዘፈኑን አይዝለሉብን

ጋሼ ሰሞኑን ስለ ሙዚቃዊ ፊልም የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ፣ ሁለተኛ ማታ ቤት ገብቼ እየተብሰለሰልኩ። ስማቸውን አልጠራም። እኔንም ታናናሾቼንም አስተምረዋል፤ ስለዚህ ይህ የተማሪ ምላሽ ነው። ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የማወራው ከእርስዎ ጋር ነው። ሌላው አጠገባችን ተቀምጦ ያዳምጥ።

ላላነበበ ሰው ባጭሩ ልንገር። ጋሼ አምስት ነገር ነው የሚሉት። በኑሮ ውስጥ ማንም ሰው ወሬ አቋርጦ አይዘፍንም፤ ስለዚህ ሙዚቃዊ ፊልም ውሸት ነው። ዘፈን ሲገባ ታሪኩ ይቆማል። ተዋናዮቹ ብዙ ጊዜ በራሳቸው ድምፅ ስለማይዘፍኑ ነገሩ ማታለል ነው። ዘፈንና ጭፈራ ከባድ ጉዳይ አይሸከምም። በመጨረሻም ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ለእኛ አይሆንም። ከዚህ ሁሉ ውርጅብኝ ያተረፉት አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ «ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ»ን። እሱንም ለተራራዎቹና ለካፒቴኑ ዘፈን ብለው።

የፊልሞቹን ዓመት የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልናገርና ልጀምር።

ጋሼ፣ እርስዎ የጎንደር ሰው ነዎት። ሰርግ ቤት ተቀምጠው ያውቃሉ። አንድ ሰው አጠገብዎ ስለ ጤፍ ዋጋ ሲያወራ ይቆያል። ጠላው ይዞራል። ማሲንቆው ከወዲያ በኩል ይሰማል። ድንገት ያ ሰው ብድግ ብሎ «ዘራፍ!» ይላል። ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ፣ ዱላውን እየነቀነቀ፣ አባቱንና አያቱን ጠርቶ ይፎክራል። ከዚያ ይቀመጥና ስለ ጤፍ ዋጋ ካቆመበት ይቀጥላል። «ይሄን ሰው ምን ነካው?» ያለ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም።

ላሊበላውስ? ገና ጎህ ሳይቀድ በርዎ ላይ ቆሞ ያዜማል። ስምዎን ከጎረቤት ጠይቆ፣ በግጥም አስገብቶ፣ ደግነትዎን እያወደሰ ከአልጋዎ ያስነሳዎታል። እርስዎም ያለዎትን ይሰጡታል እንጂ «ለምን በተራ ንግግር አትለምንም?» አይሉትም። ለቅሶ ቤት አልቃሿ ስትገጥም የሚያነባው ሰው፣ ፊልም ላይ ሰው ሲዘፍን «ውሸት ነው» የሚለው ለምንድን ነው? ቅዳሴን ከፊልም ጋር ማወዳደሬ አይደለም፤ እሱ ሌላ ነው። ግን ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» የሚለው በዜማ ነው። ተነሡ ለማለት። ትእዛዝ እንኳ በዜማ የሚነገርበት አገር ተወልደን፣ ዜማ ከኑሮ ውጪ ነው ማለት አያምርብንም።

ፈረንሳዊው ዣክ ዴሚ በ1964 «የሸርቡር ጃንጥላዎች» የሚባል ፊልም ሠራ። ሙዚቃው የሚሼል ለግራን ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድም የሚነገር ቃል የለም፤ ሁሉም ይዘፈናል። መኪና ጠጋኙ ከአለቃው ጋር ስለ ሥራ የሚያወራው በዜማ ነው። መጀመሪያ ይከብዳል፤ እውነቴን ነው፣ እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር። ትንሽ ከቆዩ ግን ጆሮ ይለምደዋል። ከዚያ ልጁ ወደ አልጄሪያ ጦርነት ይዘምታል። ልጅቱ ሌላ ታገባለች። ከዓመታት በኋላ በበረዶ ምሽት መኪናዋን እየነዳች ነዳጅ ማደያ ትገባለች፤ ማደያው የእሱ ነው። የማደያው ልጅ «ሱፐር ወይስ ተራ?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እሱም በዜማ። እሷ የትኛውም ቢሆን ግድ የላትም። እዚያ ላይ ያልተንሰፈሰፈ ሰው ካለ ያሳዩኝ። ያ ጥያቄ በተራ ንግግር ቢሆን የነዳጅ ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ነጥብዎ ላይ፣ ዘፈን ሲገባ ታሪኩ ይቆማል ባሉት፣ የግል ቂም አለኝ።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን። ባለቤቱ እንደ እርስዎ ነበር የሚያስበው። የህንድ ፊልም ረጅም ነው፤ እሱ ደግሞ በቀን አንድ ዙር መጨመር ይፈልጋል። ስለዚህ ዘፈን በመጣ ቁጥር ሪሞቱን አንስቶ ፎርዋርድ ያደርገዋል። «ዘፈን ነው፤ ምንም አያመልጣችሁም» ይለናል። ብንጮህም አይሰማንም።

አንድ ቀን «ላጋን» መጣ። የአሹቶሽ ጎዋሪከር ፊልም ነው፤ የ2001። ታሪኩ በ1893 በአንዲት የህንድ መንደር ነው። «ላጋን» ማለት ግብር ማለት ነው። ዝናብ የለም፤ የእንግሊዞቹ ግብር ግን አለ። እያየን ነው። ደመና መጣ። ገበሬዎቹ ቀና ቀና አሉ፣ ፊታቸው በራ። ሙዚቃው ጀመረ። ሰውዬው ሪሞቱን አነሳ። ፎርዋርድ። ሲለቀው የመንደሩ ሰው በሙሉ አንገቱን ደፍቷል። ከኋላዬ አንድ ልጅ «ማን ሞተባቸው?» አለ።

ማንም አልሞተም። ዘፈኑን ሙሉውን ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ ሁሉ ወጥቶ ደመናውን ይቀበለዋል። የሙዚቃ ደራሲው የኤ. አር. ራህማን ከበሮ እንደ ነጎድጓድ ይመታል። ይጨፍራሉ፣ ይለምኑታል፣ ያቆላምጡታል። ከዚያ ደመናው ዝም ብሎ አልፏቸው ይሄዳል። ጠብ ሳይል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰማዩ ጠርቷል። ያችን ዘፈን ያላየ ሰው፣ ገበሬዎቹ በኋላ ያን እብድ ውርርድ ለምን እንደገቡበት አይገባውም። ውርርዱ በማያውቁት ክሪኬት ነው። ካሸነፉ የሦስት ዓመት ግብር ይቀርላቸዋል፤ ከተሸነፉ ሦስት እጥፍ ይከፍላሉ። ጋሼ፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲቀር የገበሬ ፊት ምን እንደሚመስል ለእኛ ሰው ሊነግረን አይገባም። ያ ፊት ያለው ዘፈኑ ውስጥ ነበር። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ታሪኩን ነው የዘለለብን።

ከዚያ ወዲህ መለኪያዬ ይሄው ሆነ። ዘፈኑን ዝለለው። ታሪኩ ከጠፋብህ ፊልሙ ጥሩ ነው። ካልጠፋብህ ዘፈኑ መጋረጃ ላይ የተሰፋ ጥልፍ ነበር።

በዚህ መለኪያ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን»ን እንይ። እርስዎ በስም ጠርተው የወቀሱት እሱን ነውና። «ሰውየው ጃንጥላ ይዞ በዝናብ ይጨፍራል፤ ምንም አይፈጠርም» ብለዋል። ፊልሙ የ1952 ነው፤ ጂን ኬሊና ስታንሊ ዶነን ያዘጋጁት። ጂን ኬሊ የሚጫወተው ዶን ሎክዉድ የሚባል የድምፅ አልባ ዘመን የፊልም ኮከብ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ለአድናቂዎቹ ስለ ሕይወቱ ያወራል። መፈክሩ «ክብር፤ ሁልጊዜም ክብር» ነው። እኛ ግን የምናየው ሌላ ነው፤ በየርካሹ መድረክ ሲንከባለል የኖረ ሰው። ዶን እንግዲህ ኮቱን ሳያስተካክል የማይናገር፣ ሁልጊዜ የሚታይ፣ ሁልጊዜ የሚተውን ሰው ነው።

ያ ሰው ነው እንግዲህ ማታ የሚወዳትን ልጅ በሯ ላይ ተሰናብቶ፣ ታክሲውን አሰናብቶ፣ ጃንጥላውን የሚያጥፈው። ማንም አያየውም። ኮቱ ይበሰብሳል። መጨረሻ ላይ የጎርፉ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንደ ሕፃን እግሩን ያንቦጫርቃል። ክብር የሚባለው ነገር በቱቦው ወርዶ ሲሄድ እያየን ነው። ፖሊስ መጥቶ ሲያፈጥበት ደንገጥ ይላል፣ ጃንጥላውን ለአላፊ አግዳሚ ሰጥቶ ይሄዳል። ምንም አልተፈጠረም? ሰውየው ተለወጠ እንጂ! ጂን ኬሊ ያን ሲቀርጽ ከ39 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ይዞት ነበር። ዘፈኑም አዲስ አልነበረም፤ በ1929 ፊልም ላይ ተዘፍኗል። የዚህ ፊልም አብዛኞቹ ዘፈኖች አሮጌ ናቸው። ደራሲዎቹ ዘፈኖቹን ይዘው ነው ታሪክ የፈለጉላቸው። ልብሱ ቀድሞ ተሰፍቶ ሰውነት ተፈልጎለት፣ ልክክ ማለቱ ይገርመኛል።

አንድ ነገር ግን እሰጥዎታለሁ። እዚያው ፊልም ውስጥ ወደ መጨረሻው ከ10 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ የባሌ ጭፈራ አለ። ሲድ ቻሪስ ታምራለች፣ ቀለሙ ያምራል፣ ከታሪኩ ጋር ግን ዝምድና የለውም። እኔም እዘልለዋለሁ። በእኛ ፊልሞች ላይ ያሉትንም አንስተዋል፤ ልጁና ልጅቱ ተጣልተው እሱ በመኪና መስኮት፣ እሷ በአልጋ ጠርዝ፣ ከኋላ ሙሉ ዘፈን ሲለቀቅ። ልክ ነዎት። ያ ሙዚቃዊ ፊልም አይደለም። ፊልም ውስጥ የተወሸቀ ክሊፕ ነው።

ሦስተኛው ላይ፣ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ራስዎን በራስዎ ነው የጣሉት።

ተዋናይ በሰው ድምፅ ከዘፈነ ማታለል ነው ብለዋል። ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብለው ደግሞ ባተረፉት ፊልም፣ በ«ዘ ሳውንድ ኦቭ ሚዩዚክ» ላይ፣ ካፒቴን ፎን ትራፕ «ኤደልቫይስ»ን ሲዘፍን ዓይንዎ እንባ እንዳቀረረ ጽፈዋል። የሚሰሙት ድምፅ እኮ የተዋናዩ የክሪስቶፈር ፕላመር አይደለም። ቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ነው። ፕላመር ፊቱን፣ ጊታር የያዘ እጁን፣ ትንፋሹን ሰጥቷል፤ ዜማው የሌላ ሰው ነው። ታዲያ እንባዎ ተታለለ? እኔ አልልም። ሰውየው አገሩን ናዚዎች ወስደውበታል፤ በሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ አንዲት ነጭ አበባ ይዘፍናል፤ መሃል ላይ ድምፁ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ሚስቱ፣ ከዚያም አዳራሹ ተቀብሎ ይዘፍንለታል። እንባዎ ትክክለኛ ቦታ ነው የወረደው። የተሳሳተው ሕግዎ ነው።

እዚያው ላይ ዘፈኑን የጥንት የኦስትሪያ የሕዝብ ዘፈን ብለውታል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን ሪቻርድ ሮጀርስና ኦስካር ሀመርስታይን በ1959 ፊልሙ ለተወለደበት የመድረክ ሥራ አሜሪካ ውስጥ የጻፉት ነው። ሀመርስታይን ከዚያ በኋላ ሌላ የዘፈን ግጥም አልጻፈም፤ በዓመቱ ሞተ። ስለ ተራራዎቹ አልከራከርም። ጁሊ አንድሩስ በዚያ የመጀመሪያ ትዕይንት ላይ ስትሽከረከር፣ ከላይ የሚቀርጻት ሄሊኮፕተር ነፋስ በተደጋጋሚ ሣሩ ላይ እንደዘረራት ራሷ ተናግራለች። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ቁጥር የምጠብቀው መውደቋን ነው። ለተራራማ ስሜን ቅርባችን ነው።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ማርኒ ኒክሰን የምትባል ሴት ነበረች። «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» ላይ ለዴቦራ ኬር፣ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ላይ ለናታሊ ዉድ፣ «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ለኦድሪ ሄፕበርን ዘፍናለች። ፊልሞቹ ሲወጡ ስሟ አልተጻፈም። እዚህ ላይ እስማማለሁ፤ የሰው ድምፅ ወስዶ ስም አለመጥራት ስርቆት ነው። ጥፋቱ ግን ስሟን መደበቁ ነው፤ ድምፅ መዋሱ አይደለም። ህንዶች ይህን ጣጣ ቶሎ ነው የጨረሱት። ዘፋኟ ላታ ማንጌሽካር በስንት ተዋናይት አፍ ዘፈነች? ተመልካቹ ሁሉ እሷ መሆኗን ያውቅ ነበር፤ ስሟን አይቶም ፊልም ይገባ ነበር።

እኛስ? አዝማሪ ቤት ገብተው «ተቀበል!» አላሉም? እርስዎ ግጥሙን ይወረውራሉ፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ይዘፍነዋል። ስድቡም ሆነ ፍቅሩ የእርስዎ ነው፤ ድምፁ የእሱ ነው። ቤቱ በሳቅ ሲያወካ ዘፋኙ ማን ነበር? አልቃሿም ሟችን «ወንድሜ» ስትል ወንድሟ ሆኖ አይደለም። ለእህቱ አፍ ሆና ነው። ሙያው በዚህ አገር ስንት ዘመን የቆየ ነው፤ «አታለሉን» ብሎ የከሰሰ አልሰማሁም።

አራተኛው፤ ዘፈን ከባድ ነገር አይሸከምም የሚሉት። ለዚህ አንድ ትዕይንት ብቻ ላስታውስዎ። ቦብ ፎሲ በ1972 የሠራው «ካባሬ»። ዘመኑ 1931፣ ቦታው በርሊን። ከአንዱ በቀር ዘፈኖቹ የሚዘፈኑት ጭፈራ ቤቱ ውስጥ፣ መድረክ ላይ ነው። ያ አንዱ ከቤት ውጪ ነው። ፀሐይ አለ፣ ቢራ አለ፣ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ ተቀምጧል። አንድ መልከ መልካም ልጅ ተነስቶ ይዘፍናል። ስለ ሜዳ፣ ስለ ጫካ፣ ነገ የእኔ ነው ስለማለት። ድምፁ እንደ ማር ነው። ካሜራው ከፊቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ክንዱ ላይ የናዚ ምልክት አለ። ዜማው እየጠነከረ ይሄዳል። አንድ በአንድ ይነሳሉ፣ አብረው ይዘፍናሉ። ቁጭ እንዳሉ ከቀሩት አንዱ ግራ የገባው ሽማግሌ ነው።

የሚያስፈራው ናዚዎቹ አይደሉም። የሚያስፈራው ያ ዜማ እርስዎንም ሊያስነሳዎት ትንሽ መቅረቱ ነው። ይሄን በንግግር የሚያሳይ ፊልም ያምጡልኝ። ዘፈኑን ጆን ካንደርና ፍሬድ ኤብ ለሥራው ብለው ነው የጻፉት፤ እውነተኛ የናዚ ዘፈን የሚመስለው ብዙ ሰው ግን አለ። ፊልሙ ስምንት ኦስካር ወስዷል። የምርጥ ፊልሙን «ዘ ጎድፋዘር» ባይቀማው ዘጠኝ ይሆን ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ በደርግ ጊዜ ወጣት ነበሩ። የቀበሌውን ኪነት ያስታውሳሉ። አንዳንዱ ዜማ እስከዛሬ ሳናውቀው ከአፋችን ያመልጣል። ግጥሙ ጋ ስንደርስ ነው ዝም የምንለው። ከእርስዎ የተሻለ ያን ትዕይንት የሚረዳ ሰው የለም።

ይሄ አልበቃ ካለ «ሳራፊና» አለ፤ የ1992፣ በ1976 ስለተነሱት የሶዌቶ ተማሪዎች። ሌሌቲ ኩማሎ ተማሪዋ ናት፤ ሚርያም ማኬባ እናቷ። ልጆቹ የሚጨፍሩት ጥይት በሚተኮስበት አገር ነው። ቀላል ነው ካሉኝ ክርክሩን እዚሁ አቆማለሁ።

የቀረው አምስተኛው ነው፤ ለእኛ አይሆንም ያሉት። እዚህ ላይ ከሁሉ የምወደውን ፊልም አወጣለሁ። «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ»። ኖርማን ጂዊሰን በ1971 ሠራው። ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ቴቪዬ የሚባል ወተት ሻጭ አለ፤ በሩሲያ ዛር ዘመን በአንዲት ድሃ የአይሁድ መንደር የሚኖር፣ አምስት ሴት ልጆች ያሉት። ፈረሱ ያነክሳል። ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ጎረቤት ይጨቃጨቃል። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ቦታውን በዘፈን ይናገራል፤ አባት ምን ያደርጋል፣ እናት ምን ታደርጋለች፣ ልጅ ለማን ይዳራል። ደላላዋ መጥታ ትልቋን ልጅ ለሽማግሌ ሥጋ ሻጭ ታጫታለች። ልጅቱ ግን ደሃውን ልብስ ሰፊ ትወዳለች። ጋሼ፣ ይሄ የፈረንጅ ታሪክ ነው? ሽማግሌ ተልኮ የሚታጭበትን አገር ሌላ ቦታ ነው እንዴ የምንፈልገው?

ከዚያ ያቺ ዘፈን አለች። ቴቪዬ ልጆቹ በፍቅር ሲያገቡ አይቶ፣ ሚስቱን ጎልዴን «ትወጂኛለሽ?» ይላታል። 25 ዓመት በትዳር ኖረዋል። መጀመሪያ የተያዩት በሰርጋቸው ቀን ነው። እሷ ትደነግጣለች። ሆድህን አሞህ እንዳይሆን፣ ግባና ተኛ ትለዋለች። እሱ አይለቃትም። ከዚያ ትቆጥርለታለች። 25 ዓመት ልብስህን አጠብኩ፣ ምግብህን ሠራሁ፣ ላምህን አለብኩ፣ ልጅ ወለድኩልህ። ዜማዋ ዝቅ ያለች ናት፤ ወሬ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት። ጭፈራ የለ፣ ኦርኬስትራ አይጮህ። ሁለት የደከሙ ሰዎች ብቻ።

ፊልሙን ካየሁ በኋላ እናቴን ጠየቅኳት። «እማዬ፣ አባዬን ትወጂዋለሽ?» «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ቡና አልጠጣህም?» አለችኝ። ሽሮዋን እያማሰለች ዝም አለች። ቆይታ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ሲያመው አጠገቡ የሚያድረው ማን ነበር?» አለች። ቤታችን ውስጥ የተዘፈነች ያህል ነው የሰማኋት።

መጨረሻው ደግሞ አለ። ትእዛዝ ይመጣል፤ መንደሩን ልቀቁ። ሰዉ ድስቱን፣ አልጋውን፣ መጽሐፉን ጋሪ ላይ ይጭናል። ስለ መንደራቸው የሚዘፍኑት ዘፈን ቀዝቃዛ ነው፤ ምን አላት ይቺ መንደር፣ አንድ ድስት፣ አንድ መጥረጊያ እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ። እኔ ያን ሳይ የሚታየኝ ወለቃ ነው። ከከተማችን ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር። ቤተ እስራኤሎቹ በ1970ዎቹና በ1983፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ሄደዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። የፊልሙ ሰዎች ተባረው ነው፤ የእኛዎቹ ኢየሩሳሌምን ተስፋ አድርገው። የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ቤቶችና የሸክላ ሥራው ግን እዚያው ቀርተዋል። እርስዎ ራስዎ አብረዋቸው የተማሩ ልጆች እንደነበሩ ክፍል ውስጥ ነግረውናል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ይምጡ። እማዬ ቡና ታፈላለች። «ፊድለር»ን አብረን እናያለን፣ ሦስቱንም ሰዓት። ሪሞቱ እኔ ጋ ነው የሚሆነው።